ከማይ ኪራህ የተመለሰው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው ግንቦት 11 ቀን የቅዱስ ያሬድን በዓል ስናከብር ለሕፃናት ክፍል ስለ ያሬድና ስለ ትሏ የተለመደውን ታሪክ እንድነግር ታዝዤ ነበር። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነውና ልጆቹ እኔ ሳልጨርስ «በሰባተኛው ወጣች!» እያሉ ይቀድሙኝ ነበር። በጸሎት ተዘግቶ ሲበተኑ ግን አንድ የ12 ዓመት ልጅ ወደ ኋላ ቀረ። አግዳሚ ወንበሮቹን እየደረደረ ጥቂት ከቆየ በኋላ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፣ ያሬድ ትሏን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። እኔ ወደ ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ አባቴ ነው፣ ሰክሮ። ደብተሬንም የቀደደው እሱ ነው። እኔ ምን አይቼ ልበርታ?»

እውነቱን ለመናገር የሰጠሁት መልስ የሚረባ አልነበረም። «ጸልይ፣ በርታ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ራሱን ዳስሼ ሸኘሁት። የተናገርሁት ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ የጠየቀኝን አልመለስሁለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ታሪኩን እንደ ገና አነበብሁ፤ አባቶችንም ጠየቅሁ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ነው። በመካከላችን የእሱን ጥያቄ በልባቸው ይዘው የሚመጡ፣ ነገር ግን ወንበር እየደረደሩ ወደ ኋላ ለመቅረት ድፍረት ያላገኙ ብዙዎች እንዳሉም አውቃለሁ።

እንግዲህ ታሪኩን ቀስ ብለን እንየው። ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. እንደ ተወለደ በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። ሰባት ዓመት ሲሆነው እናቱ በአክሱም ጽዮን ያስተምር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አባት የሌለው ልጅ በዘመድ ቤት ሲያድግ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እንጀራው የሰው እንጀራ ነው፤ ሲያጠፋም «ይህ ልጅ» ነው የሚባለው። ያሬድ ሀብትና ወገን ይዞ ወደ ትምህርት የገባ ሰው አልነበረም።

በዚህ ላይ ትምህርቱ አልገባህ አለው። ዓመታት ዐለፉ፤ አብረውት የጀመሩት ዳዊት ደግመው ሲሄዱ እሱ በነበረበት ቀረ። ጓደኞቹ ሳቁበት። አጎቱም ተግሣጽ አልበቃ ሲለው ገረፈው። ልጁ ይህን መታገሥ ስላቃተው ሌላ ዘመድ ወዳለበት ወደ መደባይ ለመሄድ አክሱምን ትቶ ወጣ። በመንገድ ማይ ኪራህ ከምትባል ስፍራ ሲደርስ ዝናብ ስለ ያዘው ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ። ትሏን ያያት በዚያ ነው። ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ትወጣለች፣ ትወድቃለች፤ ደግማ ትወጣለች፣ ደግማ ትወድቃለች። በሰባተኛው ጊዜ ወጥታ ፍሬውን በላች። ያሬድም አልቅሶ ወደ አክሱም ተመለሰ፤ ከአጎቱም እግር ወድቆ ይቅርታ ለመነ፤ አጎቱም ተቀበለው።

ብዙ ጊዜ ስንሰብክ ትሏ ላይ እናተኩራለን። «ተስፋ አትቁረጥ፣ ሞክር፣ ደግሞ ሞክር» እንላለን። መልካም ነው። ነገር ግን ትሏ ዛፉን ወጣች እንጂ ለያሬድ ያደረገችለት ሌላ ነገር የለም። የዝናቡ ጊዜ ሲያበቃ በልጁ ሕይወት ውስጥ ምን ተለወጠ? አንዳች የተለወጠ ነገር የለም። አባቱ ከሞት አልተነሣም፤ ፊደሉም አልቀለለም፤ ሲስቁበት የነበሩት ልጆች በደጀ ሰላሙ አሉ። እንዲያውም አሁን «ኮብልሎ ነበር» የሚል ሌላ መሳቂያ ተጨምሮለታል። ያሬድ የተመለሰው ወደዚያው ወደ ወደቀበት ቦታ ነው። ለእኔ የያሬድ ጽናት የሚታየው በዚህ ነው። ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወደ መደባይ ቢቀጥል ኖሮ ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ በመደባይም ማንም አይስቅበትም ነበር፤ ደካማነቱን የሚያውቅበት ሰው የለምና።

ክፍል ደግማችሁ የምታውቁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ከፈተናው ይልቅ የሚከብደው መስከረም ላይ ከትናንሾቹ ጋር በአንድ ወንበር ለመቀመጥ በበሩ መግባት ነው። አንድ የማውቀው ወንድም ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ዓመት ከታናሽ እኅቱ ጋር በአንድ ክፍል ተማረ፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ቀድማው እንድትሄድ ከቤት ይዘገይ ነበር፣ አብረው እንዳይታዩ። ዛሬ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቤተሰቡንም ያስተዳድራል። ስለዚያ ዓመት ሲያወራ ግን አሁንም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

በዚህ ላይ ስለ አለንጋው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዳንድ ታላላቆቻችን ልጅ ሲመቱ «ቅዱስ ያሬድም ተገርፎ ነው ለዚህ የበቃው» ይላሉ። ይህ ታሪኩን በጥንቃቄ ያልሰማ ሰው አነጋገር ነው። አለንጋው ያሬድን ከአክሱም አስወጣው እንጂ ወደ አክሱም አልመለሰውም። የመለሰው ዝናብ ሲያባራ በጸጥታ ተቀምጦ ያየው ነገርና የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። የአባ ጌዴዎንም ታላቅነት ልጁ በተመለሰ ጊዜ «ሄደህ አልነበረምን?» ሳይል በሩን ሁለተኛ መክፈቱ ነው። ጌዴዎን በዚያ ቀን ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በማሕሌት የምንቆምበትን ዜማ ከማን እንሰማው ነበር? ስለዚህ በያሬድ ታሪክ ውስጥ የሚጸኑት ሁለት ናቸው፤ ተማሪው እንደ ገና ለመማር፣ መምህሩም እንደ ገና ለማስተማር።

የቀረውን ታውቁታላችሁና በአጭሩ ልለፈው። አእምሮው ተከፈተለት፤ ገና በልጅነቱ ዲቁና ተቀበለ፤ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ አመስጋኝ ሆነ፤ ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ በስሙ ይጠራሉ። በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም በተመስጦ ሳያውቁት እንደ ቆዩ ይተረካል። በኋላም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በምናኔ ኖረ፤ በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን እንደ ተሰወረ አባቶች ያስተምራሉ። ፊደል መለየት አቅቶት የነበረ ልጅ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

አንዳንዶቻችሁ «ያሬድ ቅዱስ ነው፤ እኛ ተራ ሰዎች ነን» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ቅዱሳኑን ለጊዜው እንተዋቸውና የቆሎ ተማሪውን እንመልከት። በየደብሩ የምታዩአቸውን ሽማግሌ መርጌቶች ጠጋ ብላችሁ «ለትምህርት ከቤት እንዴት ወጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከጠየቅኋቸው መካከል «አባቴ ልኮኝ» ያሉ አሉ፤ «አባቴ ሞቶ፣ እንጀራ አባት መጥቶ» ያሉም አሉ። አንዱ አባት «በእንጀራ እናቴ ቤት ምሳ ስለማይደርሰኝ» ብለው ሳቁ። የሰባና የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ስለዚያ ምሳ ሲናገሩ ስቀው ነበር፤ ነገር ግን አልረሱትም።

የቆሎ ተማሪ ሀብቱ ጥቂት ነው። ደበሎ ይለብሳል፤ አኮፋዳ ያነግታል፤ ለውሻ ዱላ ይይዛል። ከየኔታ ቀለም ተቀብሎ የዕለቱን ትምህርት ካጠና በኋላ ወደ መንደር ወርዶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። የሚያገኘው ቁራሽ፣ ኩርማን፣ አንዳንድ ጊዜም ቆሎ ነው። የተረፈውን አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል። ጎጆውን የሚሠራው ራሱ ነው፤ ሲታመምም የሚያስታምመው ጎረቤቱ ተማሪ ነው። በዚህ ሁኔታ ፊደል ይቆጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስን በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይዘልቃል፤ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ በኋላ ገና ሩቅ መንገድ አለ። ቅኔ ፈልጎ እስከ ዋሸራ፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት እስከ ዙር አምባ፣ ድጓ ለማስመስከር እስከ ቤተ ልሔም በእግሩ የሚሄድ ነው። ድጓውንም ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ በእጁ የሚጽፍ ነበር፤ ይህ ብቻውን ዓመታት ይፈጃል።

አሁን ደግሞ ሳስበው ከመጽናቱ በላይ የሚያስደንቀኝን ነገር ልንገራችሁ። ይህ ሕፃን ብቻውን አይደለም። ራሱን የቻለ፣ ማንንም ያልለመነ፣ በገዛ ክንዱ የወጣ ጀግና አድርገን ብንስለው ውሸት ይሆናል። የኔታ ከእሱ ደመወዝ አይጠይቁም። ዳዊት የደገመው ተማሪ ገና ፊደል የሚቆጥረውን ያስቀጽለዋል፤ ነገ ደግሞ ያ ልጅ ሌላውን ያስቀጽላል። መንደሩ፣ ራሱ ደኃ የሆነው መንደር፣ ከምጣዱ ላይ ያበላዋል። በሩን ከፍታ ኩርማን የሰጠችው ባልቴት ስሟ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ልጁ ግን የዋለው በእሷ እንጀራ ነው። የቆሎ ተማሪ ጽናት ግማሹ የሰው እንጀራ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ልመናውም አያሳፍረውም፤ ለምን እንደሚለምን ያውቃልና።

እኛ የከተማ ልጆች ግን ማፈርን ተምረናል። ደብተር የሌለው «ደብተር የለኝም» ከሚል «ረሳሁት» ቢል ይመርጣል። ቁርስ ያልበላው «ጾሜን ነው» ይላል፤ ጾም ባልሆነበትም ቀን። ይህን ያደረገ በመካከላችን ከአንድ በላይ አለ፤ እኔም አድርጌዋለሁና አውቀዋለሁ።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። እሱ የጠየቀኝ ስለ ድህነት ብቻ አልነበረም፤ ስለ አባቱ ነው። ድህነትስ ይቻላል፤ ቤቱ ራሱ ጠላት ሲሆን ምን ይደረጋል? ለዚህ ከያሬድ ይልቅ ዮሴፍ ቀርቦ ታየኝ።

የያዕቆብን ቤት እንደ ቅዱስ ቤት አድርገን ስለምናስብ ምን ያህል የተበላሸ ቤት እንደ ነበር አናስተውልም። ይስሐቅ ዔሳውን ይወድ ነበር፣ ርብቃ ያዕቆብን። ያዕቆብም የፍየል ጠቦት ቆዳ ለብሶ አባቱን አታለለ። ከብዙ ዓመት በኋላ የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው እሱን አታለሉት (ዘፍ. 27 እና 37)። ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ባል ተጣሉ፤ አሥራ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ከአራት እናቶች ተወለዱ፤ አባትየውም አንዱን ከሁሉ አብልጦ ወደደ፣ ይህንንም በቀሚስ አሳየ። ዮሴፍም ቢሆን የወንድሞቹን ክፉ ወሬ ለአባቱ የሚያመጣ ልጅ ነበር። ራሔልም ብንያምን ስትወልድ በመንገድ ሞታለች። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሁሉ አልደበቀም። እኛ የምንደብቀውን ቤት እሱ በግልጥ ጽፎታል። ስለዚህ «የእኔ ቤት ለቤተ ክርስቲያን ጆሮ አይበቃም» ብሎ የሚያፍር ልጅ ካለ የያዕቆብን ቤት ያንብብ።

ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በ20 ብር ተሸጠ። በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ 30 ዓመቱ ነበር። በመካከሉ ያለው 13 ዓመት የባርነትና የእስር ቤት ዘመን ነው። በእነዚያ ዓመታት ምን አደረገ ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ነገር የሚያስገርም ተአምር አይደለም፤ በእጁ የገባውን ሥራ ሠራ። በጲጥፋራ ቤት ቤቱን አስተዳደረ፤ በእስር ቤት እስረኞቹን ጠበቀ፤ ፊታቸው የጠቆረውን ሁለት እስረኞች «ዛሬ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። የራሱ መከራ የሌላውን ፊት ከማየት አላገደውም። የጠጅ አሳላፊው ግን ከእስር ሲወጣ ረሳው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ይህንንም ታገሠ።

ከዚያም በግብፅ ላይ ሲሾም የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር ድካሜንና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ሲል ነው። በዚህ ስም ላይ ብዙ አሰብሁ። ረሳሁ ያለ ሰው ልጁን ማለዳና ማታ በዚያ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለ መርሳት አለ እንዴ? ዮሴፍ አልረሳም፤ መርሳት ፈለገ እንጂ። ከክፉ ቤት የወጣን ሁላችን ይህን ምኞት እናውቀዋለን። ትልቅ ሰው ሆነን፣ ደኅና ለብሰን፣ ያ ሰፈር እንዳልነበረ ሆኖ እንዲቀር እንፈልጋለን። የዮሴፍ ወንድሞች ግን እህል ፈልገው ከበሩ መጡ።

እዚህ ላይ ዮሴፍ ያደረገውን በደንብ አስተውሉ፤ ለልጁ ልነግረው የሚገባኝ ይህ ነበርና። ወንድሞቹን ባያቸው ጊዜ ወዲያውኑ አልተጠመጠመባቸውም። አልተበቀላቸውም፣ ግን ደግሞ ራሱን አልገለጠላቸውም። ጠየቃቸው፣ ስምዖንን አስቀረ፣ ብንያምን እንዲያመጡ አዘዘ፤ በመጨረሻም ጽዋውን በብንያም ዓይበት አኖረ። ፈተናው ግልጥ ነው፤ የራሔልን ሁለተኛ ልጅ እንደ መጀመሪያው ትተውት ይሄዳሉን? ይሁዳ፣ ያ ቀድሞ «እንሽጠው» ብሎ ምክር ያመጣው ይሁዳ፣ ወደ ፊት ቀርቦ በብንያም ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ። ዮሴፍ ጮኾ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ አልቅሶ ነበር፤ ነገር ግን ፊቱን አዙሮ፣ ጓዳ ገብቶ፣ ፊቱንም ታጥቦ ነው የተመለሰው። ከተሸጠበት ቀን እስከዚህ ቀን 22 ዓመት ያህል ዐልፏል።

ይቅርታ ሲያደርግላቸውም «ምንም አላደረጋችሁኝም» አላለም። የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ እኔ ነኝ አላቸው። ነገሩን በስሙ ጠራው፤ ከዚያ በኋላ አበላቸው፣ አባቱንም አስመጣ። በልጅነቱ 17 ዓመት በአባቱ ቤት ኖሮ ነበር፤ አሁን ደግሞ አባቱ በእሱ ምድር 17 ዓመት ኖረ። ያዕቆብ በሞተ ጊዜ ግን ወንድሞቹ እንደ ገና ፈሩ፤ እሱም እንደ ገና አለቀሰ። እንዲህ ያለ ቍስል በአንድ ቀን ዕርቅ አይሽርም።

እንግዲህ የዚያ ልጅ አባት ገና እንደ ይሁዳ ወደ ፊት አልቀረበም። ስለዚህ «አባትህን አክብር ተብሏልና ዝም ብለህ ተመታ» ልንለው አንችልም። አባትን ማክበር አለ፤ በጥላቻ አለመናገር፣ በሸመገለ ጊዜ መጦር፣ ስለ እሱ መጸለይ ይህ ነው። የአባትን ዱላ መደበቅ ግን ማክበር አይደለም። የሚመታ ልጅ ለሚያምነው ትልቅ ሰው፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለአክስቱ፣ ለአስተማሪው ቢናገር የአባቱን ነውር አወጣ አይባልም። ዮሴፍም በእስር ቤት ለጠጅ አሳላፊው ከዕብራውያን አገር ተሰርቄ የመጣሁ ነኝ ብሎ ነገሩን ተናግሮ፣ አስብልኝ ብሎ ለምኗል። ጽኑ የሆነ ሰው እርዳታ አይለምንም ያለው ማን ነው?

ሌላም አለ። ብዙ ልጆች የአባታቸውን ስካር የራሳቸው ጥፋት አድርገው ይሸከማሉ፤ ወይም «እኔም እንደ እሱ ነው የምሆነው» ብለው ይፈራሉ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ይህንኑ ነገር ለእስራኤል በሰፊው አስረዳ፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም፣ የአባቱን ክፋት አይቶ እንደዚያ ያላደረገ በሕይወት ይኖራል። ምዕራፉን ሙሉውን አንብቡት፤ ፍርሃት ላለበት ሰው ከብዙ ምክር ይሻላል።

አሁን ስለ ራሳችን ልናገር፤ አትቀየሙኝ። ጌዴዎን በሩን ሁለተኛ እንደ ከፈተ ተናግሬአለሁ። የእኛ በር እንዴት ነው? ባለፈው ዓመት ከመዘምራን ክፍል ሦስት ልጆች ቀሩ። «ቸልተኞች ናቸው» ተብሎ በስብሰባ ተወራ፤ እኔም ከተናገሩት አንዱ ነኝ። በኋላ የአንዷን ቤት ስንጠይቅ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለመዝሙር ልብስ ማሠሪያ የተባለውን ገንዘብ ማግኘት ስላልቻለች ነው። እናቷ ጉልት ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ልጅቱም ማታ ማታ ቆሎ ትቆላለች። ለገንዘቡ ሳይሆን በወረቀት ተጽፎ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው «ያልከፈሉ» የሚለው የስም ዝርዝር አሳፍሯት ቀረች። የቆሎ ተማሪውን ያለ ክፍያ ያስተማረች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን እኮ። ወረቀቱ ተነሥቷል። ሦስት ልብሶችም ከአባላት መዋጮ ተሠርተው በማኅበሩ ሣጥን ይገኛሉ፤ የሚያስፈልገው ለክፍሉ ኃላፊ ለብቻው ይንገር፣ ስሙ አይጻፍም።

እንዲሁም በቤታቸው ማጥናት ለማይችሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል አዳራሹ እንዲከፈት ለአስተዳደሩ አመልክተን ተፈቅዶልናል። መብራት አለ፤ ጠረጴዛዎቹ ይወዛወዛሉ ግን ይበቃሉ። ከ9ኛ ክፍል በላይ ያላችሁ በተራ እየመጣችሁ ትናንሾቹን እንድታስጠኑ ትለመናላችሁ። ደብተርና መጽሐፍ በቤታቸው ማስቀመጥ ለማይመቻቸውም አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ተዘጋጅቷል። ይህን ሐሳብ ያመጣው ያ ልጅ ነው። «ደብተሬ እዚህ ቢያድር ጥሩ ነበር» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም።

እሱ በዚህ ዓመት 5ኛ ክፍልን ደግሞ ጀምሯል። አክስቱ ነገሩን ሰምተው ቅዳሜና እሑድ ከእሳቸው ዘንድ ያድራል፤ ከአባቱም ጋር የንስሐ አባታቸው መነጋገር ጀምረዋል። ምን እንደሚሆን ገና አይታወቅም። ባለፈው ሐሙስ በጋዜጣ የተለበደ ደብተሩን ከሣጥኑ ሲያወጣ ይህን የምጽፈውን ነገር ነግሬው ነበር። ጥቂት አሰበና፣ «ጋሼ፣ ያሬድ ሲመለስ አባ ጌዴዎን እንደሚቀበለው ያውቅ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁንም ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም።

ለሚመጣው እሑድ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 37 እስከ 45 አንብባችሁ ኑ፤ ምዕራፍ 50ንም ጨምሩበት። የውይይታችን ጥያቄ የልጁ ጥያቄ ይሆናል። ውይይቱ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ነው፤ ዘግይታችሁ ብትመጡም በሩ ክፍት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።